ምጽዋትንና ፍትሕን ማን አጣላቸው?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የበጎ አድራጎት ሥራ የሚተች ነው። ጸሐፊው ያነበቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ይጣፍጣል። ነጥቦቻቸው ግን አብዛኞቹ ወይ ግማሽ እውነት ናቸው፣ ወይ ደግሞ ያለ አድራሻቸው የተላኩ ናቸው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ምጽዋት ድህነትን ያቆያል እንጂ አያጠፋም ይላሉ። ማዘር ተሬዛ የድሃውን ስቃይ አከበሩ እንጂ አልፈወሱም ይላሉ። የካቶሊክ እርዳታ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጫ ወጥመድ ነው፣ ቫቲካን ወርቋን ብትሸጥ ችግሩ ያልቅ ነበር፣ ጸሎቱና ቅዳሴው ለድሃ መዋል ያለበትን ሰዓት ይበላል ይላሉ። ክርስትና ራሱ «ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» ስለሚል ድሃው እንዲጠፋ አይፈልግም ብለው ይጨምራሉ። ማሳረጊያቸው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንቲም መስጠት አቁሙ፣ ለልማት ስጡ የሚል ነው።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም። በተራ በተራ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው።

የመጀመሪያው ክስ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። ዛሬ ዳቦ የተሰጠው ሰው ነገም ለዳቦ ይመለሳል፣ ሰጪው ችግሩን እያራዘመ ነው ይላሉ። ነገሩን እንደ አዲስ ግኝት ነው ያቀረቡት። ካቶሊኮች ግን በዚህ ጉዳይ መጨነቅ ከጀመሩ 400 ዓመት አልፏቸዋል።

በ1617 ፈረንሳይ ውስጥ ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ቪንሰንት ደ ፖል የሚባል ቄስ ነበር። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ መተኛቱንና የሚያስታምመው ሰው እንደሌለ ነገሩት። በስብከቱ ላይ አነሳው። ከሰዓት በኋላ ራሱ ሊጠይቃቸው ሲወጣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሕዝቡ ምግብ ተሸክሞ ይመላለሳል። ሌላ ሰባኪ ቢሆን ስብከቴ ሠራ ብሎ በኩራት ቤቱ ይገባ ነበር። ቪንሰንት ያየው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ይመጣል፣ ግማሹ ይበላሻል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቤተሰቡ እንደገና ይራባል። ፍቅሩ ሞልቷል፤ ሥርዓት ግን የለውም። በዚያው ዓመት የከተማውን ሴቶች በማኅበር አደራጀ፣ ተራ አወጣላቸው፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፈላቸው። በ1633 ደግሞ ከሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር ሆኖ ዛሬ ዶተርስ ኦፍ ቻሪቲ የምንላቸውን ሲስተሮች መሠረተ። ያኔ መነኩሲት ማለት ከግቢ የማትወጣ ሴት ነበረች። እነዚህ ግን መንገድ ላይና በድሃው ቤት የሚውሉ ሆኑ።

በ1833 ፓሪስ ውስጥ ሌላ ክርክር ተነሳ። ፍሬደሪክ ኦዛናም የ20 ዓመት ተማሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዓለም የሠራችውን መልካም ነገር እየዘረዘረ ሲከራከር፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የድሮውን ተወውና ዛሬ ለድሃው ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ አፋጠጠው። ኦዛናም አልተከራከረም። ከጓደኞቹ ጋር የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ማኅበር አቋቋመና ሮዛሊ ረንዱ የምትባል ሲስተር እየመራቻቸው በድሃ ሰፈር ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። እዚያ ብቻ ግን አልቆመም። በኋላ ፕሮፌሰር ሲሆን ስለ ሠራተኛው ደመወዝና ክብር አስተማረ፣ ጻፈ። ዳቦውንም ይዞ ይሄዳል፣ ዳቦው ለምን እንደጠፋም ይጠይቃል። በ1891 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ሬሩም ኖቫሩም የተባለውን መልእክት አወጡ። ስለ ፍትሐዊ ደመወዝ፣ ሠራተኞች ስለ መደራጀት መብታቸው የሚናገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሳንቲም ሌላ አታውቅም የሚለውን ታሪክ ከየት እንዳገኙት አላውቅም።

በጥቅምት 2025 ሊዮ 14ኛ ያወጡት ዲሌክሲ ቴ የተባለው መልእክት ደግሞ ለጸሐፊው በቀጥታ የተጻፈ ይመስላል። የተቸገረን ሰው መርጃው ዋናው መንገድ ጥሩ ሥራ እንዲያገኝ ማገዝ ነው ይላል። ያ እስኪሆን ድረስ ግን ምጽዋትን መናቅ አይገባም ብሎ ይከራከራል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ጉራጌ ውስጥ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የአጣጥ ሆስፒታል አለ። የሕክምና ሚስዮን ሲስተሮች በ1969 የጀመሩት ነው። እዚያ በሽተኛ ማከም ብቻ አይደለም የሥራው ድርሻ። ወደ ገጠሩ ወጥቶ ምንጭ ማጎልበት፣ ክትባት፣ የእናቶች ክትትልም አብሮ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውኃው ካልተስተካከለ ዛሬ በተቅማጥ የታከመው ልጅ በሳምንቱ ይመለሳል። ጸሐፊው «ተመልሶ ይመጣል» ያሉትን ነገር ሲስተሮቹ አውቀውት ምንጩ ድረስ ሄደውበታል። የወሊሶው ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ነርስ ያሠለጥናል። መቀሌ ያሉት ሳሌዥያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት በዶን ቦስኮ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጣቱን ሙያ ያስይዙታል። ይህ ልማት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

በዚህ ብቻ ባቆም ክርክሩን የረታሁ ይመስላል። ግን የጸሐፊውን መለኪያ ተቀብዬ ነው የምረታው። መለኪያቸው ሰውዬው ራሱን ቻለ ወይስ አልቻለም የሚል ነው። እኔ የምቃወመው ይህንኑ መለኪያ ነው።

ራሱን የማይችል ሰው አለ። ነገም አይችልም። ጧሪ የሌላቸው የ80 ዓመት አዛውንት አሉ። ከአልጋ የማትነሳ፣ አእምሮዋ ያላደገ ልጅ አለች። በሽታው ጨርሶት ሳምንት የቀረው ሰው አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሚውል ብር በጸሐፊው ሒሳብ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው። ሥልጠና ሰጥተህ አታስመርቃቸውም። ብድር ሰጥተህ አይመልሱልህም። ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የስኬት ታሪክ ሆነው አይወጡም።

መንግሥት እንኳን ይህን ያውቃል። በ2005 የተጀመረውን ሴፍቲኔት ተመልከቱ። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሳተፋል፣ ጉልበት የሌለው ግን «ቀጥታ ድጋፍ» በሚለው ውስጥ ገብቶ ሳይሠራ ይረዳል። ማንም ይህን ጥገኝነት ማስፋፋት ነው ብሎ ጽሑፍ አይጽፍበትም። ቤተ ክርስቲያን ስታደርገው ነው ነውር የሚሆነው?

የካቶሊክ ምጽዋት መነሻው እዚህ ጋ ነው። ከአትራፊው ሳይሆን ምንም ከማይመልሰው ሰው ይነሳል። የቪንሰንት የ1617 ደንብ ላይ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ መስመር አለ። ምግብ የምታዞረው ሴት በሽተኞቿን እንዴት እንደምታስተናግድ ይዘረዝራል፤ ጠረጴዛውን አዘጋጂ፣ እጁን አስታጥቢው፣ በፈገግታ አናግሪው ይላል። ከዚያ አስታማሚ ካለው በሽተኛ ጀምሪ፣ ማንም የሌለውን መጨረሻ አድርጊው ይላል። ለምን? መጨረሻ ላይ ከሆነ ሌላ የሚጠብቃት ቤት ስለማይኖር አብራው ረዘም ላለ ጊዜ ትቀመጣለች። ይህን የጻፈ ሰው የድህነትን ግማሽ ገብቶታል። ረሃብ አንድ ነገር ነው፤ የሚያናግርህ ሰው ማጣት ሌላ ነው። ለሁለተኛው የልማት በጀት የለም።

ወደ ማዘር ተሬዛ ልለፍ። ጸሐፊው እዚህ ጋ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል።

አንድ እውነት ይዘዋል፤ እሱን አልክድም። በ1994 የላንሴት የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ሮቢን ፎክስ ሕንድ ካልካታ ውስጥ ማዘር ተሬዛ ለሚያጣጥሩ ሰዎች የከፈቱትን የካሊጋት ቤት ጎብኝቶ ጽፏል። በሽታን በአግባቡ መለየት ላይ ድክመት አለ፣ ጠንካራ ማስታገሻ የለም ብሏል። ይህ ቀላል ትችት አይደለም። የሚታከመውን ከማይታከመው አለመለየት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ግን ያው ሰው ንጽሕናውን፣ የቁስል እንክብካቤውንና የሲስተሮቹን ደግነትም መስክሯል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን ትተውታል። ሕንድ በ1985 ያወጣችው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግም ሞርፊን ማግኘትን ለትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር ፈተና አድርጎት እንደነበር አላነሱም።

ቤቱ ለምን እንደተከፈተም ማወቅ ያስፈልጋል። ካልካታ በ1943 ከባድ ረሃብ አይታለች። በ1947 አገሪቱ ስትከፈል በስደተኛ ተጥለቅልቃለች። በ1952 ካሊጋት ሲከፈት ከመንገድ ላይ የሚነሳው ሰው ሆስፒታል ያልተቀበለው፣ ወይም ሊሞት ነው ብሎ የመለሰው ነበር። ምርጫው በካሊጋትና በዘመናዊ ሆስፒታል መካከል አልነበረም። ምርጫው በካሊጋትና በቦይ መካከል ነበር። ነገሩን ከዘመኑ ነቅሎ መፍረድ ቀላል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስቃይን ትወዳለች የሚለው ግን ዝም ብሎ ስህተት ነው። በ1957 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለማደንዘዣ ሐኪሞች ሲናገሩ፣ ለሚያጣጥር ሰው ሕመም ማስታገሻ መስጠት፣ ዕድሜውን ሊያሳጥር እንደሚችል ቢታወቅ እንኳ ዓላማው ሕመሙን ማብረድ እስከሆነ ድረስ ይፈቀዳል ብለዋል። ካሊጋት ከተከፈተ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በስቃይ ውስጥ ትርጉም መፈለግ ሌላ፣ ስቃይን መፈለግ ሌላ። የታመመች እናቱን «እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ነው» የሚል ልጅ መድኃኒት አትውሰጂ አላላትም።

ደግሞ ካልካታን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የማዘር ተሬዛ ሲስተሮች አዲስ አበባ የገቡት በ1973 ነው። በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ ረሃብ መጣ፣ ጦርነት መጣ። ነጭ ሳሪና ሰማያዊ ጥለት የለበሱት ሲስተሮች ስድስት ኪሎ እንዳሉ አሉ። ስለ እነሱ መጻፍ የፈለገ ሰው ታክሲ ይዞ መሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ክስ ወጥመድ የሚለው ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ካቶሊክ ሲባል አፄ ሱስንዮስ ትዝ ቢሉት አልፈርድበትም። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በአደባባይ አወጁ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ በ1625 መጥተው አገሩን በትእዛዝ ሊለውጡ ሞከሩ። ደም ፈሰሰ። በ1632 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ አበቃ። ይህ በእኛ በኩል የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ ማለባበስ አያስፈልገውም። ልብ በሉ ግን፣ ያ የመጣው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። በሾርባ አልመጣም።

በ1839 አድዋ የገቡት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው፣ የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው። ቪንሰንት ደ ፖል ራሱ የመሠረተው የካህናት ማኅበር ልጅ ናቸው። ቋንቋውን ተማሩ፣ ያገሩን ልብስ ለበሱ፣ ያገሩን ምግብ በሉ፣ የግዕዙን ሥርዓት አከበሩ። ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ1860 መንገድ ላይ እንዳሉ አረፉ። ኃይል ጋር ተጠግተው ሰው አላስገደዱም።

ቁጥሩንም እንየው። በ2007 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ነን። ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ክሊኒክ፣ ስንት አሥርት ዓመት አልፎ! ወጥመድ ከነበረ አጥማጁ ሥራውን ጨርሶ አያውቅበትም። ወሊሶ ወይም አጣጥ ተኝቶ የታከመው ሰው አብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ነው፤ ድኖ ወደ ቤቱ ሲሄድም እንደነበረ ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ጦርነቱ ሲጋጋል የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያናት ተጣምረው የጦር ግንባር አቋርጠው እህል ለረሃብተኛው አድርሰዋል። ነፍስ የሚሻሙ ሰዎች አንድ ላይ መኪና አይጭኑም።

ይህ በሕግም የተጻፈ ነገር ነው። ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2005 በፈረሙት ዴዉስ ካሪታስ ኤስት በተባለው መልእክት፣ የፍቅር ሥራ ሰውን ወደ ሃይማኖት ማምጫ ዘዴ እንዳይሆን በግልጽ ከልክለዋል። ይህን የሚተላለፍ የለም ወይ? ይኖራል። አንድ አባ ወይም አንዲት ሲስተር በዱቄት አባብለው ሰውን ቅዳሴ ካስቀደሱ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጥሰዋል፤ ሊወቀሱም ይገባል።

የቫቲካን ወርቅ ላይ አልቆይም። እሺ፣ የሚክላንጄሎን ሐውልት እንሽጠው። አንድ ባለጸጋ ገዝቶ ሳሎኑ ያስገባዋል፣ ድሃው ለአንድ ሰሞን ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ሐውልቱን የሚያይ ድሃም አይኖርም። ሐሳቡ ራሱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚላኖው ቅዱስ አምብሮስዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ምርኮኛ አስለቅቋል፤ ሲከሱትም ደግ አደረግሁ ብሎ ተከራክሯል። ዮሐንስ አፈወርቅ ክርስቶስን በደጅ እያራቆቱ በመቅደስ ውስጥ ሐር ማልበስ ምን ይረባዋል እያለ አስተምሯል። ጳውሎስ 6ኛ በ1964 ዘውዳቸውን ለድሆች ብለው አውልቀዋል። በዚያው ዓመት ቦምቤይ ሲሄዱ የተጠቀሙበትን ሊንከን መኪና ለማዘር ተሬዛ ሰጧቸው። እሳቸውም አልተቀመጡበትም፤ ሎተሪ አውጥተውበት ገንዘቡን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር አዋሉት።

ጸሐፊው እዚህ ጋ ሊመቱን የሚችሉበትን ድንጋይ ሳያነሱ አለፉ። በ2023 የቫቲካን ፍርድ ቤት ከለንደን ሕንፃ ግዢ ጋር በተያያዘው መዝገብ አንድ ካርዲናልን ጨምሮ በብዙዎች ላይ ፈርዷል። ኪሳራው ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ይግባኝ ተጠይቆበታል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ እንጂ ሐውልቱ አይደለም።

ጸሎት ሰዓት ይበላል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የማዘር ተሬዛ ሲስተሮች በቀን ሰዓታት ይጸልያሉ። ከዚያ ተነስተው ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ቁስል ያጥባሉ። ለዓመታት። ደመወዝ የለውም፣ ዝውውር መጠየቅ የለም። ይህን ያለ ጸሎት የሚችል ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ እነሱ ግን ጸሎቱን ቢያቆሙ ሥራው በስንት ቀን እንደሚቆም ራሳቸው ይነግሯችኋል። በሌላ በኩል ጸልዮ ብቻ ወደ ቤቱ የሚገባ ካቶሊክ ካለ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ መልስ አለው። «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚያሰናብተውን ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቀዋል።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ይዞ፣ ከፊት ካሜራ አስቀድሞ፣ የኔ ቢጤውን አሰልፎ እያስመረቁ ቪዲዮ መልቀቅ። ኧረ ይቁም! ካቶሊኩም፣ ሌላውም፣ ሃይማኖት የሌለውም እያደረገው ነው። ሰውየው ዘይቱን የገዛው ፊቱን ሸጦ ነው፤ ልጆቹ ነገ ትምህርት ቤት ያዩታል። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለዚህ ነበር።

መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቅስ ቀረች። «ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» ማለት ድሃ ይኑር ማለት ነው ይላሉ። ጌታ ይህን ሲናገር የሚሰሙት ሰዎች አይሁድ ናቸው፤ ከየት እንደመጣ ያውቁታል። ዘዳግም 15 ነው። ጸሐፊው ምዕራፉን ከላይ ጀምረው ቢያነቡት ጥሩ ነበር። በየሰባቱ ዓመት ዕዳ ይሰረዝ ብሎ ይጀምራል። በመካከልህ ድሃ አይኑር ይላል። የስረዛው ዓመት ደረሰ ብለህ ለወንድምህ ማበደርን እንዳትከለክል ብሎ ያስጠነቅቃል። ከዚያ በኋላ ነው ድሃ ከምድሪቱ ስለማይታጣ እጅህን ክፈት የሚለው። ወዲያው ደግሞ ስድስት ዓመት ያገለገለህን ባሪያ በሰባተኛው ነፃ አውጣው፣ ስታሰናብተውም ባዶ እጁን አትስደደው፤ ከመንጋህ፣ ከአውድማህ፣ ከወይን መጥመቂያህ ለግሰው ብሎ ይቀጥላል። የዕዳ ስረዛውም፣ ብድሩም፣ መቋቋሚያውም፣ ደጅ ላይ የሚዘረጋው እጅም እዚያው አንድ ምዕራፍ ውስጥ አሉ።